«ቁም» እስክትል ድረስ

ቺዙሩ ኦካቤን ፊቷን ሳላይ ነው በድምፅዋ ያወቅኋት። እ.ኤ.አ. በ1985 ጸደይ ላይ ነው። እኔና አጎቴ ከኦሳካ ናራ ድረስ ሄደን ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ አዲስ የታታሚ ሰሌን እያነጠፍን ነበር። አጎቴ ውስጥ ተንበርክኮ ሰሌኑን በጉልበቱ እየገፋ ቦታ ያስይዛል፤ እኔ በመስኮት በኩል አቀብለዋለሁ። ከማረፊያው ፊት ለፊት ሰፊ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። ተማሪዎች ቤተ መቅደሱን አይተው የሚመለሱበት ሰዓት ስለነበር አሥራ አንድ አውቶቡስ ቦታ ለመያዝ ይጋፋል።

ድንገት «ና! ና! ና! ና!» የሚል ድምፅ መጣ።

እጄ ላይ የነበረው ሰሌን አመለጠኝ። ሰው ሲጮህ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የዚህኛው ግን አልተሰነጠቀም። ከሆድ የተነሣ፣ ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ ነው። ዘወር ስል ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላ ልጅ ከአውቶቡስ ጀርባ ቆማለች፤ ሰማያዊ የደንብ ልብስ፣ ትንሽ ባርኔጣ፣ ነጭ ጓንት። የአውቶቡስ አስጎብኚ ናት። ፊሽካዋ ጠፍቶባት ሾፌሯን በባዶ አፏ ወደ ኋላ ትመራለች። ችግሩ፣ እሷ «ና» ስትል ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት አውቶቡሶችም ኋላ ማርሽ አስገብተው አብረው መምጣት ጀመሩ።

«አንተን አይደለም!» አለች ወደ ግራ ዞራ። «አንተም ቁም! እኔ የማወራው ከኩሮይዋ ሳን ጋር ነው!»

ኩሮይዋ፣ በአክብሮት «ሳን» ያለችው፣ ሾፌሯ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ፊቱ ሁልጊዜ ጥርሱን እንዳመመው ሰው የሆነ ሰውዬ። አንገቱን በመስኮት አወጣና፣ «ሦስት አውቶቡስ በአንድ ጊዜ እየነዳሽ በአንድ ሰው ደመወዝ መሥራትሽ አይቆጭሽም?» አላት።

«ካዮ! ሰሌኑን አቀብይኝ እንጂ፣ ምን ነካሽ?» አለኝ አጎቴ ከውስጥ።

«አጎቴ፣ ዘፋኝ አገኘሁ!»

«ጥሩ። እኔ ደግሞ ሠራተኛ አጣሁ።»

ዘፋኝ የፈለግነው ለባንዳችን ነበር። ሦስት ሴቶች ነን። ጊታር የምትጫወተው ሩሚ ቀን ቀን በአንድ ፀጉር ቤት የሰው ፀጉር ትቀባለች። ቤዝ የምትይዘው ሴትሱ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ቴምብር ትሸጣለች። እኔ ድራም እመታለሁ። ባንዱን «ቀይ ሚስማር» ብለነዋል፤ ሃርድ ሮክ ነው የምንጫወተው፤ እሁድ እሁድ የምንለማመደውም በአጎቴ ሱቅ ነበር። ግድግዳው ላይ የተደገፈው ሰሌን ጊታሩን ሁሉ ውጦ ያስቀረዋል። ወደ ውጭ የሚያመልጠው የድራሙ ድም ድም ብቻ ስለሆነ አጎቴ በሰፈሩ እሁድን እንኳ የማያርፍ ታታሪ ሰው ነው ተብሎ ይመሰገናል። እሱም ምስጋናውን አንድም ቀን አልመለሰም። ዘፋኛችን ግን በዚያ ክረምት አግብታ ወደ ሰሜን ሄደችብን።

የዚያን ቀን ሰሌኑን ለአጎቴ ትቼ ማቆሚያው ድረስ ሮጥኩ። ቺዙሩ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደምፈልግ ነገርኳት። ዓይኗን ፈጠጥ አድርጋ ሰማችኝ።

«ሮክ የሚጫወቱ ሰዎች ምንድን ነው የሚለብሱት?»

«ቆዳ።»

«በበጋም?»

«በበጋም።»

«እና ሽፍ አይልባችሁም?»

«ይልብናል» አልኩ፤ እውነት ነው።

ሳቀች። ስትስቅ ባርኔጣዋ ይወዛወዛል። «እሁድ እረፍት ከደረሰኝ እመጣለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ተቀምጬ አልዘፍንም። ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬም አልዘፍንም፤ የለመድኩት ወደ ኋላ፣ ወደ መንገደኞቹ ዞሬ ነው። ግራ እጄ ደግሞ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ካለዚያ መታጠፊያ ላይ የምወድቅ ይመስለኛል።»

«መድረክ እኮ አይታጠፍም» አልኳት።

«እሱን ለእጄ ንገሪው።»

በኋላ እንደሰማሁት ያ ድምፅ የመጣው ከሺኮኩ ደሴት ነው። ወላጆቿ ተራራ ላይ በእርከን ማንዳሪን የሚያለሙ ናቸው፤ እናቷ ታች፣ አባቷ ላይ፣ መሀል ሆና ወሬውን ሁሉ ወደ ላይና ወደ ታች እየጮኸች የምታመላልሰው እሷ ነበረች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ኦሳካ መጥታ የአውቶቡስ ድርጅቱ ማደሪያ ገባች። የእያንዳንዱን ድልድይ ርዝመት፣ የእያንዳንዱን ቤተ መቅደስ ዕድሜ፣ የየመንደሩን ዘፈን የያዘ ወፍራም መጽሐፍ በቃሏ አጥንታለች። አምስት ዓመት ሙሉ ለእንቅልፋም መንገደኞች ስትዘፍን ኖራ ነው እኛ ያገኘናት።

እሁድ መጣች፤ ሩሚም የዘፈን ወረቀት ሰጠቻት። የዚያን ጊዜ ዘፈኖቻችን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ፤ ሰይጣን፣ ጥቁር ግንብ፣ ደም የምታለቅስ ጨረቃ። ቺዙሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይቅርታ፣ ይህ ግንብ የት ነው ያለው?»

«የትም የለም» አለች ሩሚ። «የሐሳብ ግንብ ነው።»

«ማን ሠራው? በስንት ዓመተ ምሕረት?»

«ቺዙሩ ሳን፣ ዝም ብለሽ ጩኺበት!»

«እኔ አይቼው የማላውቀውን ቦታ አስጎብኝቼ አላውቅም» አለች፤ ኮስተር ብላ ነው የተናገረችው። ግን ዘፈነችው። የተደረደረው ሰሌን ሁሉ ያንን ድምፅ መዋጥ አልቻለም፤ በማግሥቱ ጎረቤቶች አጎቴን «ትናንት ማን ሞተባችሁ?» ብለው ጠየቁት።

የመጀመሪያው ዝግጅታችን ሰኔ ውስጥ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ባለ ትንሽ አዳራሽ ነበር። ስልሳ የሚሆኑ ፀጉራቸውን ያስረዘሙ ጎረምሶች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ሴቶች ሃርድ ሮክ ሲጫወቱ የሚመጣ ሰው ግማሹ ሊሰማ፣ ግማሹ ሊያሾፍ ነው የሚመጣው። አንዱ ገና ሳንጀምር፣ «ሻይ ቅጂልን!» ብሎ ጮኸ። ቺዙሩ ግራ እጇን የማይኩ ዘንግ ላይ አድርጋ ጭብጥ አደረገችው፤ አጎንብሳ እጅ ነሣች፤ ከዚያ አምስት ዓመት የለመደው አፏ አመለጣት።

«ክቡራን መንገደኞች፣ ዛሬ ከእኛ ጋር ስለሆናችሁ ከልብ እናመሰግናለን። በስተቀኛችሁ የምትመለከቷት ጊታር ተጫዋቻችን ሩሚ ናት። የተሠራችው በ1961 ሲሆን ጣሪያዋ በቅርቡ ቀይ ተቀብቷል።»

አዳራሹ ፈነዳ። ሩሚ በንዴት ፊቷም እንደ ፀጉሯ ቀላ። ቺዙሩ ግን ሰው የሳቀው ለምን እንደሆነ ገና አልገባትም፤ እንደ ደንቡ ቀጠለች። «በስተግራ ሴትሱ ናት፤ ዘወትር ጸጥ ያለች ስለሆነች ፎቶ ለማንሣት ትመቻለች። ከኋላ የምትሰሙት ጩኸት ካዮ ነው፤ እባካችሁ አትደንግጡ፣ የሞተር ችግር አይደለም።»

ያ ሻይ ያለው ጎረምሳ ከሁሉም በላይ እያጨበጨበ ነበር።

ከዝግጅቱ በኋላ መንገድ ዳር ቆመን ታኮያኪ የሚባለውን፣ ውስጡ ኦክቶፐስ ያለበት ትኩስ የሊጥ ድብልብል ስንበላ፣ ኦክቶፐሱ ምላሷን እያቃጠላት ሩሚ ተናገረች። «ተናድጃለሁ። ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ሰዎቹ የወደዱት ዘፈኑን ሳይሆን እሷን ነው። ካዮ፣ ያ ናራ ላይ የሰማሽው ምን ነበር? አውቶቡሱን የምትጠራበት?»

«ና፣ ና፣ ና።»

«ግንቡ ይቅር» አለች ሩሚ። «ቺዙሩ ሳን፣ የምታውቂውን ቦታ አስጎብኚን።»

ዘፈኑ በአንድ እሁድ አለቀ። ቃሉን የጻፈችው ቺዙሩ ናት፤ እንዲህ ይላል፦

ኋላህ አይታይህም፣ እኔ አይልሃለሁ፤
ስፖኪዮህ ይዋሽሃል፣ እኔ አልዋሽህም፤
መሪውን አትጨብጥ፣ ቀስ በል፣ እመነኝ፤
ና! ና! ና! ና! ና! ና! ና! ና! ቁም!

ስምንት «ና»፣ ከዚያ «ቁም»። ስምንት የሆነው ድራሜ እስከ ስምንት ስለሚቆጥር ነው። «ቁም» ስትል ሁላችንም ቀጥ እንላለን፤ ከዚያ ሩሚ ጊታሯን እንደ መጋዝ ታስነሣዋለች። ርእሱ «ኋላ ማርሽ» ነው። ልምምዱን በካሴት ቀዳነውና አንዱን ለቺዙሩ ሰጠናት። እሷ ለኩሮይዋ ሰጠችው።

ኩሮይዋ ሮክ አይወድም፤ ሙዚቃ የሚባል ነገር የሚወድም አይመስልም። ግን ካሴቱን አውቶቡሱን ሲያጥብ ከፈተው። ሌሎቹ ሾፌሮች ተሰበሰቡ። «ሰው ሁሉ ስለ ፍቅር ይዘፍናል» አለ አንደኛው። «ስለ ኋላ ማርሽ የዘፈነልን ማን አለ?» በወር ውስጥ ካሴቱ ተባዝቶ የየጋራዡ ሾፌር እጅ ገባ። አስጎብኚዎቹም ለመዱት፤ የሌላ ድርጅት ልጆች ሳይቀሩ ማቆሚያ ላይ በዜማው ይጣሩ ጀመር። እኛ እንደ ትልቅ ነገር ደስ ብሎን ነበር።

መስከረም ላይ ዮሺኤ የምትባል የቺዙሩ ባልደረባ፣ አርባ ገበሬዎችን የያዘ አውቶቡስ ተራራ መንገድ ላይ ካለ አንድ ማረፊያ ወደ ኋላ ታስገባ ነበር። ጭንቅላቷን እየወዘወዘች በዘፈኑ ምት «ና! ና!» ትላለች፤ ሾፌሩም ዘፈኑን ስለሚያውቅ መሪውን በጣቱ እየመታ ይመጣል። ሁለቱም ስምንተኛዋን ጠበቁ። ሳንቲም ሲያስገቡበት መጠጥ የሚሰጠው ማሽን ግን የቆመው ሰባተኛዋ ላይ ነበር። ፓራውልቱ ገጨው። ሰው አልተጎዳም። ማሽኑ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈ፤ ገበሬዎቹ ወርደው የቲማቲም ጭማቂ እየለቀሙ ተመልሰው ተሳፈሩ፤ አንዱ አዛውንትም ከጉዞው ሁሉ ይህ ማረፊያ በለጠብኝ አሉ ተባለ።

በማግሥቱ ቺዙሩ ቢሮ ተጠራች። የጠራቻት የአስጎብኚዎቹ ኃላፊ ወይዘሮ ኢማዶ ናት፤ ጀርባዋ ወንበር ነክቶ የማያውቅ፣ የልጆቹን ጓንት አንድ በአንድ እያየች ቆሻሻ የምትፈልግ ሴት። የሆነውን ቺዙሩ ራሷ ነው የነገረችኝ፤ የኃላፊዋን ድምፅ እያስመሰለች።

«ዝፈኚው» አለቻት ወይዘሮ ኢማዶ።

«እዚህ? አሁን?»

«ሌላ ቀጠሮ አለሽ?»

ቺዙሩ ግራ እጇን የመዝገብ ሣጥኑ ላይ አድርጋ ዘፈነች። ወይዘሮ ኢማዶ በእርሳሷ ወረቀት ላይ ጭረት እየጫረች ሰማቻት። ሲያልቅ ጭረቶቹን ቆጠረች።

«ስምንት። በአምስት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ጠርተሽ ያቆምሽበት ቀን አለ?»

«ይኖራል… እንደ ቦታው ነው፣ እትዬ።»

«ሁልጊዜ ስምንት?»

«ኧረ አይደለም።»

«ዘፈኑን ተዪው አልልሽም» አለቻት ወይዘሮ ኢማዶ። «የእሁድሽ አዛዥ እኔ አይደለሁም። ድምፅሽም ጥሩ ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ትንፋሽ ያጥርሻል፣ እሱን አስተካክዪ። ግን አስጎብኚ ሆነሽ አስጎብኚ አታሳስቺ። ግድግዳ ዘፈን አይሰማም። ሂጂ።»

ቺዙሩ ያን ሳምንት አልሳቀችም። በእረፍት ቀኗ ከቤቷ የተላከላትን የማንዳሪን ሣጥን ተሸክማ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደዚያ ማረፊያ ወጣች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ባለቤቱ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ስናጎነብስለት ደነገጠ።

«ለማሽኑ ነው? ልጆቼ፣ እሱ ድሮም ሳንቲም እየበላ መጠጥ የሚከለክል ሌባ ነበር። እናንተን ያስጨነቃችሁ እሱ ነው፤ ቆይ ሻይ ላምጣላችሁ።»

እሱ ሻይ ሊያመጣ ሲገባ ቺዙሩ ወደ ማቆሚያው ሄደች። አስፋልቱ ላይ የጎማው ምልክት ገና አለ። ምልክቱ ላይ ቆመች፤ በእርምጃ እየለካች ማሽኑ እስከነበረበት ተራመደች፤ ተመልሳ ሌላ ቦታ ቆማ ደግማ ለካች።

«ካዮ፣ ስምንት ያልነው ለምንድን ነው?»

«ድራሙ ስምንት ስለሚቆጥር።»

«አውቶቡሱ ድራምሽን የት ያውቀዋል?» አለች ዓይኗን ከጎማው ምልክት ሳታነሣ። «እኔ ስጣራ እኮ አልቆጥርም። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነው። ሲደርስ አቆማለሁ። ዘፈኑ ውስጥ ዋሽቻለሁ። አልዋሽህም እያልኩ ዋሸሁ።»

በሚቀጥለው እሁድ ለሩሚ እንዲህ አለቻት፤ «ከዛሬ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደምጠራ አልነግራችሁም። እኔን እያያችሁ፣ ሳቆም አቁሙ።»

«ሙዚቃ ነው ትራፊክ?» ብላ ጮኸች ሩሚ። «ሰው እንዴት ነው የማያውቀውን ነገር የሚለማመደው?»

«ኩሮይዋ ሳን በየቀኑ ያደርገዋል።»

«ኩሮይዋ ሳን ፍሬን አለው!»

የከበደው በእኔ ላይ ነው። ድራም የሚመታ ሰው ከኋላ ስለሚቀመጥ የዘፋኙን ጀርባ እንጂ አፍ አያይም፤ እስክሰማት ደግሞ አልፌያታለሁ። ሁለት እሁድ ሙሉ ባለማቆም አለቀ። እሷ «ቁም» ትላለች፣ እኔ ሁለት ምት እጨምራለሁ፣ ሴትሱ ሦስት፣ ሩሚ ትሳደባለች። «ማሽኑን ገጨሽው፣ ካዮ» ትለኛለች ቺዙሩ። «ደግሞ ገጨሽው። አሁንስ ሱቁንም ጨረስሽው።» በሦስተኛው እሁድ የሥራ ጓንቷን ይዛ መጣችና አንዱን ግራ እጇ ላይ አጠለቀችው። የማይኩን ዘንግ ለቀቀችው። ግራ እጇን ወደ ጀርባዋ አድርጋ፣ መዳፏን ለእኔ ከፈተችው። ስትጣራ መዳፏ ይጠራኛል፤ ሊቆም ሲል ጣቶቿ ሰብሰብ ማለት ይጀምራሉ፤ ያኔ አውቃለሁ።

«አልወደቅሽም እኮ» አልኳት ስንጨርስ።

የለቀቀችውን ዘንግ ዞር ብላ አየችው። «ኧረ እውነትሽን ነው!»

ኅዳር ላይ እዚያው ምድር ቤት ተጫወትን። ሰዉ ከሰኔው እጥፍ ነበር፤ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ኩሮይዋና ዘጠኝ ሾፌሮች የደንብ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ቆመዋል፤ ወይዘሮ ኢማዶ አልመጣችም። «ኋላ ማርሽ» መጨረሻ ላይ ነበር። ካሴቱን የሚያውቁት ጎረምሶች ስምንት ሊዘሉ ተዘጋጅተዋል። ቺዙሩ አምስተኛዋ ላይ «ቁም!» አለች። ከፊት ያሉት ሁሉ እርስ በርሳቸው ተደራርበው መድረኩ ላይ ወደቁ። በሁለተኛው ዙር ሁሉም ጠንቀቅ ብሎ አምስትን ሲጠብቅ እስከ አሥራ ሦስት ወሰደቻቸው። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ በሙሉ መቁጠር ትቶ እሷን ብቻ ማየት ጀመረ። እኔ ነጩን መዳፍ አያለሁ። ጥሪው ይቀጥላል፤ አሥር ይሁን ሃያ አላውቅም፤ እጄ ዝሏል፤ አንድም ሰው አይዘልም፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዟል። ጣቶቿ ተሰበሰቡ።

«ቁም!»

አራታችንም በአንድ ጊዜ ቆምን። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። በረዶ በአንድ ሰው ብርጭቆ ውስጥ ሲንሸራተት ተሰማ። ከኋላ ኩሮይዋ ለጎረቤቱ፣ «ግድግዳውን ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው» አለ፤ ሹክ ያለ መስሎት። ከዚያ የሩሚ ጊታር ተነሣና ቤቱ ተናወጠ። እኔ ድራም እየመታሁ አለቅስ ነበር፤ ላብ ነው ብዬ አለፍኩት።

«ኋላ ማርሽ» በነጠላ ሸክላ ታተመልን። ከፍ ብሎ የትም አልወጣም፤ ከሾፌሮቹም ቅሬታ መጣብን፤ ሸክላው ሁልጊዜ በዚያው ቁጥር ላይ «ቁም» ስለሚል አይታመንም አሉ። ወይዘሮ ኢማዶ አንድ ገዝታ ለአዲስ ሠልጣኞች ታሰማ ነበር ይባላል፤ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳይለምዱ። ከቶኪዮ አንድ ሰው መጥቶ ቺዙሩን ሥራሽን ትተሽ ነይ ብሏት ነበር። «ቶኪዮን አላጠናሁትም» ብላ መለሰችው፤ ይህንንም ኮስተር ብላ ነው የተናገረችው። ባንዱ አምስት ዓመት ቆየ። ሩሚ የራሷን ፀጉር ቤት ከፈተች፣ ሴትሱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፣ የእኔም አጎት ሱቁን ለእኔ ትቶ ጡረታ ወጣ። ማንም ከማንም ሳይጣላ እሁዶቻችን አለቁ።

ቺዙሩ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ አገባች። ባሏ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ቀና ብሎ የሚያይ ዝምተኛ። እንዴት ትስማማላችሁ ብዬ ስጠይቀው፣ «ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ መኖሯን ሁልጊዜ አውቃለሁ» አለኝ። እሷ እስከ ስልሳ ዓመቷ አስጎብኚ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጣች።

ባለፈው ጥቅምት ደወለችልኝ።

«ካዮ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ምነው፣ ልንጫወት ነው?»

«ኧረ የምን ጨዋታ! ተራራ ልንወጣ ነው። ቅጠሉ ቀልቷል አሉ።»

ሴትሱና ሩሚም መጡ፤ አራት የስልሳ ዓመት ሴቶች እያለከለክን ወጣን። ከላይ ስንደርስ ቺዙሩ ትንፋሽ አጥሯት አንድ ቃል መናገር አቅቷት ነበር። ታች ያለውን ከተማ፣ ወንዙን፣ ድልድዮቹን አየን፤ ሁሉን በቃሏ የምታውቀው ቺዙሩ እንኳ ስማቸውን አልጠራችም። ሩሚ ከቦርሳዋ የሩዝ ድብልብል አወጣች፤ ውስጡ የተቀመመ ዓሣ ነበረው። ጎን ለጎን ተቀምጠን በላን።